አንገተ አጭሩ ጥጃና የኮርማው ነገር

በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የገበሬው መመኪያ የጓሮው እንሰት ነው። እንሰቱን የሚያፋፋው ደግሞ እበት ነው። ስለዚህ በቤቱ ያለችው አንዲት ዲቃላ ላም ወተትና ቅቤ ብቻ ሳትሆን የጓሮውም ማዳበሪያ ናት። ይህች ላም አንገቱ ያጠረ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ እግሩ የተቆለመመ የሞተ ጥጃ ብትወልድ «የሰው ዓይን ነው» ብሎ ላሚቱን ለሥጋ መሸጥ ይቀናል። ችኮላው ግን ኪሳራ ነው።

በወተቱ ብዛት የታወቀው ሆልስታይን የተባለው ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ከብት፣ የአከርካሪ አጥንቶችን እርስ በርስ የሚያጣብቅ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ጉድለት በዝርያው ውስጥ ይገኛል። ጉድለቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በዴንማርክ ተለይቶ የታወቀ ሲሆን፣ ግንዱ ሲፈለግ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ወደተወለደው ቤል የተባለ ኮርማና ወደ አባቱ አመራ። የቤል ሴት ልጆች ወተታሞች ስለነበሩ አባለ ዘሩ በብዙ አገር ተሰራጨ፤ ጉድለቱም አብሮ ተጓዘ።

ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ከብት ጤነኛ ነው፤ ያድጋል፣ ይራባል፣ ላምም ከሆነች ትታለባለች። ጥጃው የሚጎዳው ከእናቱም ከአባቱም ሲወርስ ነው። ሁለቱም ተሸካሚዎች ከሆኑ ይህ ዕጣ ከአራት አንድ ነው። አብዛኛው ሽል ከ260 ቀን በፊት ስለሚጨነግፍ፣ ገበሬው የሚያየው ይዛለች ያላት ላም ተመልሳ ኮርማ ስትፈልግ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የአገር ላም ከተሸካሚ ኮርማ የወለደችው የመጀመሪያዋ ዲቃላ በዚህ አትጎዳም። አደጋው የሚመጣው ይህችው ጊደር ደርሳ ለዚያው ለአባቷ ወይም ለዘመዱ ስትሰጥ ነው። አንድ ኮርማ መንደሩን ሁሉ በሚያገለግልበት ቦታ ይህ ሳይታወቅ ይደርሳል። በሰው ሠራሽ ዘዴ ለሚያስዳቅል ገበሬ ግን መላው ቀላል ነው፤ የኮርማው ቁጥር አባለ ዘሩን በያዘችው ቀጭን ቱቦ ላይ ተጽፏልና አዳቃዩን ጠይቆ በልጁ ደብተር ላይ ማስጻፍ ይበቃል።

ጭንገፋ ሁሉ ግን ከዘር አይደለም። ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታም ያስጨነግፋል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ስለዚህ የወጣውን ሽልና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ ሳይነኩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል።

ነገሩ የዘር ሆኖ ከተገኘ ላሚቱ ከጉድለቱ ነፃ በሆነ ኮርማ ስትዳቀል እንዲህ ያለ ጥጃ አትወልድም። ከእርሷ የሚገኘው ወይፈን ግን ይኮላሽ እንጂ ለኮርማነት አይቀመጥ።