የነሐሴ ጎርፍ ከየት ይነሣል?

በጎጃም ደጋ የሰኔ ዝናብ ብርቱም ቢሆን ወንዙን እምብዛም አይሞላውም። ነሐሴ ላይ ግን ከዚያ ያነሰ ዝናብ ጎርፍ ያስነሣል። ቁልቁለቱ ያው፣ ማሳውም ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን ምን አመጣው?

መልሱን ለመፈለግ ከፍኖተ ሰላም በስተምሥራቅ፣ ደምበጫ አቅራቢያ ካለችው አንጀኒ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ተፋሰሷ 113 ሄክታር ብቻ ናት። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 የመለኪያ ጣቢያ አቋቋመባት። በ1986 ደግሞ ማሳዎቿ ፋንያ ጁ በሚባለው፣ ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ዳገቱ በሚጣልበት እርከን ተሠሩ። ዝናቡ፣ የወንዙ ፍሰትና የታጠበው አፈር ለዓመታት ተመዝግቧል።

አሜሪካዊው ሮበርት ሆርተን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባስፋፋው አስተሳሰብ ጎርፍ የሚነሣው ዝናቡ አፈሩ ከሚመጥጥበት ፍጥነት ሲበልጥ ነው። ይህን መፈተን ቀላል ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሆኑ ሁለት የብረት ቀለበቶች መሬት ላይ ይተከላሉ፣ ውኃ ይሞላባቸዋል፣ የውስጠኛው ውኃ በሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሰረገ ይለካል። የኮርኔልና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደጋማ ተፋሰሶቻችን ያገኙት ግን ሌላ ሆነ፦ በአብዛኛው ቦታ አፈሩ የሚመጥጥበት ፍጥነት ከአብዛኛው ዝናብ ይበልጣል።

ታዲያ ውኃው ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች ሰርጎ በማረሻ ሥር የደደረውን ንጣፍ ወይም ዐለቱን ሲያገኝ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ግርጌው ላይ ያለው ጨፌና ማሳ ቀስ በቀስ ከሥር ይሞላል። ከሞላ በኋላ የሚወርደው ጠብታ መግቢያ የለውም። አፈሩ የሳሳበት የተራቆተ ዳገትም ቶሎ ስለሚሞላ እንዲሁ ያፈሳል። በአንጀኒና እንደ እሷው በሚለኩት የአንዲት ጥድና የማይባር ተፋሰሶች መዛግብት ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከዘነበው ላይ የሚተነው ተቀንሶ 500 ሚሊሜትር ያህል ከተጠራቀመ በኋላ ከሚወርደው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ ወንዝ ይገባል።

ግርጌው ከሥር ሲሞላ ከመሬት በላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ቀብሮ የውኃውን ከፍታ መለካት አስተማማኝ ነው፤ ሆኖም ተራራውን ሁሉ ቱቦ አይተክሉበትም። እዚህ ላይ ጂኦፊዚክስ ይገባል። አራት የብረት ዘንጎች በአንድ መሥመር ይተከላሉ፤ በውጪዎቹ ሁለት ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ በውስጠኞቹ መካከል ቮልቴጅ ይነበባል። የውጪዎቹ ርቀት በሰፋ ቁጥር ልኬቱ ጠልቆ ይሄዳል። ያልተሰነጠቀ ደረቅ ባዛልት ኤሌክትሪክን በብርቱ ይቃወማል፤ ውኃ ያዘለ የበሰበሰ ዐለት ግን በቀላሉ ያሳልፋል። ችግሩ ሸክላ አፈርም እንደዚያው ማሳለፉ ነው፤ ውኃ ይዞ ለጉድጓድ የማይለቅ ሸክላ። የውኃ ጉድጓድም ቢሆን በመሣሪያው ንባብ ብቻ ማስቆፈር፣ በእኔ ግምት፣ ገንዘብ መድፋት ነው። በአፈር መሰርሰሪያ ናሙና ማውጣት የግድ ነው።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ ባለችው ደብረ ማዊ የታየው የቦረቦር ነገር የከርሰ ምድሩን ውኃ መለካት ማስፈለጉን ያጠናክራል። የከርሰ ምድሩ ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ በቆመበት ስፍራ ግድግዳው ከሥሩ ይርሳል፣ ይናዳል፣ ቦረቦሩም ይሰፋል። የግርጌው ውኃ ሳይለካ ዳገቱ ላይ እርከን ብቻ መደርደር፣ ወደ ውስጥ የሚሰርገውን አብዝቶ ታችኛውን ቦረቦር ሊያባብስ ይችላል።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ጥልቅ ቀይ አፈር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ውኃ ይሸከማል፤ ስለዚህ የ500 ሚሊሜትሩን ቁጥር እንዳለ ከመገልበጥ በፊት አፈሩ እዚያ ስንት ሜትር እንደሚጠልቅ፣ ከሥሩስ ምን እንዳለ መለካት ይቀድማል።