የትናንሽ ከተሞች ጋዜጦችና የቤተ ሰብ ታሪክ ፍለጋ

የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ማስረጃው በማን እጅ እንደሚገኝ ነው። በአገራችን ሽማግሌዎች ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት ስለሚቈጥሩ፥ ለብዙዎቻችን የትውልድ ሐረግ የሚገኘው ከወረቀት ሳይሆን ከአፍ ነው። በአሜሪካ ግን ሕዝቡ ከስቴት ወደ ስቴት ሲፈልስ የኖረ በመሆኑ፥ የቅድመ አያቱን ስም የሚፈልግ ሰው መዝገብ መግለጥ ግድ ይሆንበታል። ከመዝገቦቹም መካከል ጀማሪ ሁሉ ሳያየው የሚያልፈው የትንሽ ከተማ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ጋዜጣ ምን እንደሚይዝና እንዴት እንደሚፈለግ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌ የመረጥነው በካንሳስ ስቴት፥ በግራም ካውንቲ የምትገኘውን ኒቆዲሞስ የተባለችውን መንደር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኒቆዲሞስን የቈረቈሩት በ1877 ከኬንተኪ የመጡ፥ ከባርነት ነጻ የወጡ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እንጨት በሌለበት ሜዳ ላይ ስለ ሰፈሩ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት መሬት ቈፍረው በሠሩት ጎጆ ነበር። የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ወደ ኋላ ሊቈጥሩ ሲነሡ የሚገጥማቸው ችግር ከሌላው አሜሪካዊ የከፋ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ሕዝቡን ይቈጥራል። እስከ 1840 ድረስ በስሙ የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር፤ ከ1850 ጀምሮ ግን ነጻ የሆነ ሰው ሁሉ በስሙ ተጻፈ። በባርነት የነበሩት በ1850ና በ1860 በሌላ መዝገብ ገቡ፤ በዚያም ላይ በጌታው ስም ሥር ዕድሜአቸው፥ ጾታቸውና የቆዳቸው ቀለም ሰፍሮ ስማቸው በአብዛኛው ሳይጻፍ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም በየስማቸው የተቈጠሩት በ1870 ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የ1890 ቈጠራ መዝገብ በጥር ወር 1921 በዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴር ሕንጻ ላይ በተነሣው ቃጠሎ ከእሳቱም ከውሃውም የተነሣ ተበላሸ፤ የተረፈውም ኋላ እንዲወገድ ተደረገ። ከ62 ሚሊዮን ከሚበልጠው ሕዝብ ስሙ የተረፈለት ወደ 6 ሺህ የሚሆን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1880 ቈጠራ በኋላ ተወልዶ ከ1900 ቈጠራ በፊት የሞተ ሕፃን በፌዴራሉ ቈጠራ ውስጥ እንዳልነበረ ሆኖ ይቀራል። ካንሳስም በስቴቱ በሙሉ ልደትና ሞትን መመዝገብ የጀመረው በ1911 ነው።

እርግጥ ነው፥ ካንሳስ ከብዙዎቹ ስቴቶች የተሻለ ዕድል አለው፤ በ1885ና በ1895 ስቴቱ በራሱ ወጪ ሕዝቡን ቈጥሯል። ነገር ግን ቈጠራ በአንድ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ማን ማንን እንዳገባ፥ የማን እኅት ከኬንተኪ ልትጠይቀው እንደመጣች፥ የማን ልጅ በየትኛው ሳምንት እንደ ተቀበረ አይናገርም። ይህን የሚናገረው ጋዜጣው ነው።

ኒቆዲሞስ ሁለት ጋዜጦች ነበሯት። «ዌስተርን ሳይክሎን» ማለት «የምዕራብ ዐውሎ ነፋስ» የተባለው በ1886 ተጀመረ፤ «ኒቆዲሞስ ኢንተርፕራይዝ» የተባለው ደግሞ በ1887 ወጣ። ጥቂት መቶ ሰዎች ለሚኖሩባት መንደር ሁለት ጋዜጣ መብዛቱ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ምክንያቱ ግን የማንበብ ፍቅር ብቻ አይደለም። አንደኛው ምክንያት ከተማዋን አስተዋውቆ ሰፋሪና የባቡር ሐዲድ መሳብ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመሬት ማስታወቂያ ገቢ ነው። ይህ ሁለተኛው ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ስለሚበልጥ ዘርዘር አድርገን እንገልጸዋለን።

በ1862 በወጣው የሆምስቴድ ሕግ መሠረት አንድ ሰፋሪ 160 ኤከር፥ ማለት በእኛ አለካክ ከአንድ ጋሻ ተኩል የሚበልጥ የመንግሥት መሬት ወስዶ፥ 5 ዓመት ኖሮበትና አርሶት ሲገኝ የባለቤትነት ወረቀት ይሰጠው ነበር። በማርች 1879 የወጣው ሕግ ደግሞ ሰፋሪው የመጨረሻውን ማስረጃ ከማቅረቡ በፊት አሳቡን ለመሬቱ ቅርብ በሆነው ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ ለ30 ቀን እንዲያሳውቅ አዘዘ። በማስታወቂያውም ላይ የሰፋሪው ስም፥ መሬቱ የሚገኝበት ቦታና በዚያ መኖሩን የሚመሰክሩለት ሰዎች ስም፥ ብዙውን ጊዜ የ4 ሰዎች፥ ይታተማል። እነዚህ ምስክሮች እንዲያው የተጠሩ አይደሉም፤ ጎረቤቶች፥ አማቾች፥ ወይም ከአንድ አገር አብረው የፈለሱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ሌላ ምንም ወረቀት ሳይተው ቢሞት እንኳ ከእነማን ጋር ይውል እንደ ነበር ከዚህች ትንሽ ማስታወቂያ ይታወቃል። ከዚህም በላይ ማስታወቂያው ወደ ሌላ መዝገብ ይመራል። የመሬቱ ቦታ ከታወቀ በዋሽንግተን ከሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሰፋሪውን ፋይል ማስወጣት ይቻላል፤ በዚያም የቤተ ሰቡ ብዛት፥ የቤቱ ዓይነት፥ የታረሰው መሬት መጠንና የምስክሮቹ ቃል ይገኛል።

የቀሩት የጋዜጣው ክፍሎች እኩል ጥቅም የላቸውም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ የትናንሽ ከተሞች ጋዜጦች ከሉሁ ግማሹ ከትልቅ ከተማ ታትሞ ይመጣላቸው ነበር፤ ይህም በዊስኮንሲን፥ ባራቡ ከተማ በ1861 በጦርነቱ ምክንያት ሠራተኛ ያጠረው ኬሎግ የተባለ አሳታሚ ያስፋፋው ዘዴ ነው። በዚያ ግማሽ ላይ ያለው ልብ ወለድ፥ የመድኃኒት ማስታወቂያና የውጭ አገር ወሬ ለቤተ ሰብ ፈላጊ አይረባም፤ የሚፈለገው በከተማው ውስጥ የታተመው ገጽ ነው። በዚያም «የአካባቢ ወሬ» በሚለው ዓምድ ሥር ማን ታመመ፥ ማን ከማን ቤት እሑድ ምሳ በላ የሚል ባለ ሁለት መሥመር ወሬ ተደርድሮ ይገኛል። ይህን ሐሜት የሚመስል ነገር የሚንቅ ተማሪ ካለ እኛ አንስማማም።

እነዚህ ጋዜጦች እንዴት እስከ ዛሬ ቈዩ? በ1875 የካንሳስ ጋዜጣ አዘጋጆችና አሳታሚዎች ማኅበር የስቴቱን የታሪክ ማኅበር አቋቋመ፤ አዘጋጆቹም የሚያትሙትን ጋዜጣ ወደ ቶፒካ መላክን ልማድ አደረጉት። በብዙ ሌሎች ስቴቶች ማንም ያላስቀመጠው የመንደር ጋዜጣ በካንሳስ የተገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ወረቀቱ ግን ራሱ ጠላት ነበረው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጋዜጣ የሚታተመው ከእንጨት በተሠራ፥ አሲድ ባለበት ወረቀት ስለሆነ ይቢጫጫልና ይፈረካከሳል። ስለዚህ ወደ ማይክሮፊልም ተገለበጠ። ከ1982 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የጋዜጦችን ዝርዝር የማውጣትና የማንሣት ሥራ ተካሄደ፤ ከ2007 ወዲህ ደግሞ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» በሚል ስም በኢንተርኔት በነጻ የሚነበቡ ገጾችን ያቀርባል፤ ገጾቹም ከ20 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ከዚህ ጋር ከ1690 ጀምሮ በአገሪቱ የታተሙ ጋዜጦች ማውጫ አለ። ማውጫው የጋዜጣውን ስም፥ የታተመበትን ዘመንና የትኛው ቤተ መጻሕፍት የትኛውን ቍጥር እንደያዘ ይናገራል። ገጹ ራሱ በኮምፒውተር ላይ ያልወጣ ጋዜጣም በዚህ ማውጫ ይገኛል፤ ስለዚህ ፍለጋው ከዚህ ቢጀመር ይሻላል እንላለን።

ብዙ ሰው ግን የአያቱን ስም በኮምፒውተሩ ላይ ጽፎ ምንም ሳያገኝ ሲቀር «የለም» ብሎ ይነሣል። መኪናው የደበዘዘውን ኅትመት ሲያነብ አንዱን ፊደል በሌላው ይለውጣል፤ ስሙ በገጹ ላይ እያለ በፍለጋው ላይ አይመጣም። ያገባች ሴት ደግሞ በራሷ ስም ሳይሆን በባልዋ ስም «ሚስስ እገሌ» ተብላ ትጻፋለች፤ ወንዱም በስሙ የመጀመሪያ ፊደሎች ብቻ ይጠራል። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ ቦታውንና ጊዜውን ይዞ፥ የጥቂት ወራትን ቍጥር ገጽ በገጽ በዓይን ማንበብ ያስፈልጋል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ዓመት የመንደር ጋዜጣ 52 ቍጥር ብቻ ነው፤ ከዚያም ግማሹ ገጽ ይዘለላል።

በመንደሩ ጋዜጣ የሌለበት ጊዜም አለ። ኒቆዲሞስ ከ1877 እስከ 1886 የራሷ ጋዜጣ አልነበራትም፤ ግራም ካውንቲም የተቋቋመው በ1880 ነው። ለዚያ ጊዜ ወደ ምሥራቅ 20 ማይል ያህል ርቃ በሩክስ ካውንቲ የምትገኘውን የስቶክተንን ጋዜጦች ማየት ይገባል። በ1888 የባቡሩ ሐዲድ መንደሯን ትቶ በሌላ በኩል ሲያልፍ ነጋዴዎቹ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ፤ ጋዜጦቹም ጠፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ የሚፈለገው በካውንቲው ዋና ከተማ በሂል ሲቲ ጋዜጦችና ከ1899 ጀምሮ በቶፒካ በታተመው «ፕሌይንዲለር» በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጣ ነው። አዘጋጆች ጋዜጣ እየተለዋወጡ አንዱ ከሌላው ወሬ መቅዳት ልማዳቸው ስለ ነበረ፥ የጠፋው ቍጥር ወሬ አንዳንድ ጊዜ በጎረቤት ከተማ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ስንል ጋዜጣው እውነት ብቻ ይናገራል ማለታችን አይደለም። ከተማውን ለመሸጥ የቆመ አዘጋጅ ስለ ድርቁ ዝም ይላል፤ ሰፋሪ ስለ መምጣቱ ግን አጋንኖ ይጽፋል። ነጮች ያዘጋጁዋቸው ብዙዎቹ ጋዜጦች ደግሞ የጥቁር ጎረቤታቸውን ሠርግና ቀብር እየዘለሉ ክሱን ብቻ ያትሙ ነበር። የ«ዌስተርን ሳይክሎን» ዋጋ ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው የሚታወቀው።

ከ1870 ወደ ኋላ ለመሻገር ግን የካንሳስ ጋዜጦች ብቻቸውን አይበቁም። ከጦርነቱ በኋላ ነጻ የወጡት ሰዎች የተሸጡባቸውን እናት፥ ባልና ልጆች በጋዜጣ ማስታወቂያ ይፈልጉ ነበር። በኒው ኦርሊንስ ይታተም የነበረው «ሳውዝዌስተርን ክርስቲያን አድቮኬት» የተባለው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ከ1879 ጀምሮ «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ነበረው፤ ደንበኛ ላልሆነ ሰው ዋጋው 50 ሳንቲም ሲሆን፥ ፓስተሮችም በየትንሹ ከተማ ማስታወቂያውን ለምእመናን እንዲያነቡ ይለመኑ ነበር። ፈላጊው የቀድሞ ጌቶቹን ስም፥ የተሸጠበትን ቦታና ወንድሞቹ የሚጠሩበትን ስም ይዘረዝራል፤ ይኸውም በቈጠራው መዝገብ ላይ ያልተጻፈው ነገር ነው። ከእነዚህ ማስታወቂያዎች ከ2,500 በላይ የሚሆኑት በኒው ኦርሊንስ የታሪክ ቤተ መዛግብት ተሰብስበው በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ በ2017 የተጀመረው የቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ ሥራም ከሌሎች ጋዜጦች በሺህ የሚቈጠሩ ሌሎችን ጨምሯል።

እንግዲህ የኒቆዲሞስ ቤተ ሰብ ልጅ መንገዱ እንዲህ ይሆናል፦ ከጋዜጣው የመሬት ማስታወቂያ የምስክሮቹን ስም ይወስዳል፤ እነዚያን ስሞች አንድ ላይ አድርጎ በ1870 የኬንተኪ ቈጠራ ውስጥ ይፈልጋል፤ አያቱ በስሙ ብዙ ሞክሼ ቢኖረው እንኳ ምስክሮቹ በጎረቤትነት የሚገኙበት ገጽ ላይ ያለው እርሱ መሆኑን በበለጠ እምነት ሊናገር ይችላል። በዚያው አካባቢ በ1860 ባሮች የነበሩዋቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፍለጋ በአያቱ ስም ሳይሆን በእነዚያ ሰዎች ስም ነው፤ ኑዛዜአቸውን በካውንቲው ፍርድ ቤት፥ የውርስ ሐራጃቸውን ማስታወቂያ ደግሞ በኬንተኪ ትናንሽ ከተሞች ጋዜጦች።