ብይ፣ ስቴኪኒ እና ዶፓሚን

«ጌም የልጅን አእምሮ እንደ ሐሺሽ ያደርቃል» የምትለዋ መልእክት ሰሞኑን እንደገና በቴሌግራም እየዞረች ነው። «ሳይንስ አረጋግጧል» ትላለች። የትኛው ሳይንስ? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የለንደን ሃመርስሚዝ ሆስፒታል ጥናት ነው። ስምንት ወንዶች ታንክ እየነዱ ባንዲራ የሚሰበስቡበትን ጌም ተጫወቱ፤ ደረጃ ባለፉ ቁጥር 7 ፓውንድ ያገኙ ነበር። አእምሯቸው ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል መጠኑ ጨመረ፤ ጭማሪውም አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ ከሚታየው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ወሬው እዚህ ላይ ያበቃል። ስምንት ሰዎች ናቸው፤ ያውም አዋቂዎች፣ ያውም ገንዘብ እየተከፈላቸው። አእምሯቸው የታየበት የምስል መሣሪያም ዶፓሚንን በቀጥታ አይለካም፤ ሌላ ንጥረ ነገር ከቦታው ምን ያህል እንደተገፋ አይቶ ይገምታል። ከዚህ ተነስቶ ቡራዩ ላይ ፊፋ የሚጫወት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሱሰኛ ሆኗል ማለት ድፍረት ነው።

ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» ነው መባሉንም ተዉት። ዋናው ነገር ሌላ ነው። የነርቭ ሳይንቲስቱ ቮልፍራም ሹልዝ የጦጣዎችን የዶፓሚን ሕዋሳት ሲከታተል፣ መጀመሪያ ላይ ሕዋሳቱ የሚነቃቁት ጭማቂ ጠብ ሲል ነበር። ጦጣዋ መብራት ከበራ ጭማቂ እንደሚከተል ከለመደች በኋላ ግን ለመብራቱ ይነቃቃሉ፤ ለጭማቂው ዝም። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ፣ ልክ ሊመጣ በሚገባው ቅጽበት የወትሮ እንቅስቃሴያቸውም ይወርዳል። ሕዋሳቱ የሚመዘግቡት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ያለውን ልዩነት ነው ማለት ነው። ደሞዝ በቀኑ ሲገባ ማንም አይጨፍርም፤ ያልታሰበ ቦነስ ሲገባ ግን ቤቱ ይሞቃል። (ይህ ልዩነት የዶፓሚንን ሥራ ሁሉ ያብራራል ወይ በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ራሳቸው አልተስማሙም፤ እንቅስቃሴና ትኩረትም አሉበት። ከጦጣ ወደ ልጅ መሻገሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል።)

ጌም ልጁን የሚይዘው በዚሁ ይመስለኛል፦ ሲነካው ወዲያው ይመልሳል፤ ውጤቱም ግማሹ ይገመታል፣ ግማሹ አይገመትም። ለዚህ ደግሞ የግድ ስክሪን አያስፈልግም። የጌም ኩባንያው ኒንቴንዶ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላቦ» ብሎ ካርቶን ሸጧል።

እናንተም ቤታችሁ በካርቶን የብይ ጌም መሥራት ትችላላችሁ። ከሰፈር ሱቅ ወይም ከቆራሌው አንድ ወፍራም ካርቶን ውሰዱ። ጠርዙን ስታዩት በሁለት ወረቀት መካከል የታሰረ ሞገድ አለ። ጥንካሬው ከዚያ ነው፤ ሁለቱ ወረቀቶች በተራራቁ መጠን ካርቶኑ ለመጉበጥ እጅግ ያስቸግራል። ሞገዱ ብዩ በሚንከባለልበት ሰሌዳ ቁመት እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ወርዱን ይዞ ከሄደ ሰሌዳው መሐሉ ላይ ይታጠፋል። ካተሩን አዋቂ ይያዝ። ሰሌዳውን በመጽሐፍ ላይ አዘንብሉና ስቴኪኒ ሰካ ሰካ አድርጉበት። ስቴኪኒው የላዩንም የታቹንም ወረቀት መብሳት አለበት፤ ሁለት ቦታ ስለሚያዝ ብይ ቢመታውም አይወድቅም። አንዱን ብቻ ከበሳ ወዲያው ይንጋደዳል። ከታች በቆርኪ ጎል ሥሩ፤ ሰበታ ያላችሁማ የሜታ ቢራ አገር ናትና ቆርኪ አታጡም።

ብዩ ሁልጊዜ ጎል ከገባ ልጁ ይሰለቻል፤ ፈጽሞ ካልገባም ትቶት ይሄዳል። መፍትሔው ስቴኪኒዎቹን ማቀራረብ ወይም ማራራቅ ነው። ይህን ሥራ ለልጁ ስጡት። «ሌቭል ሁለት»ን ራሱ ይሠራል፤ ለታናሽ እህቱ ደግሞ የማይቻል አድርጎ ያከብድባታል።

ይህ ሁሉ ግን እውነተኛ ችግር የለም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም ሕመም ተካቷል። መስፈርቱ ጨዋታውን መቆጣጠር ማቃት፣ ከሌላው ሁሉ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየም መቀጠል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ይህ 12 ወር ያህል መታየት አለበት። ምደባው ቸኩሏል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አዘነብላለሁ። እንቅልፍና ትምህርት ከተቃወሰ ግን ክርክሩ ይቆየን፤ ልጁን ለባለሙያ አሳዩት።

ወደ ካርቶናችን ስንመለስ፣ የሱሉልታ ሰዎች በክረምት ሰሌዳውን መሬት ላይ አትተዉት። እርጥበት የወረቀቱን ቃጫዎች ያያያዘውን ትስስር ስለሚያላላ፣ ሲነጋ ስቴኪኒው ሁሉ ዘምሞ ይጠብቃችኋል። ጠርዙን ቀድሞ በሻማ ማሸት ይረዳል።