“ልጃችሁ ዳውን ሲንድረም አለው” ከመባሉ በፊትና በኋላ

ወላጆች ይህን ዜና የሰሙበትን ቀን አይረሱትም። ማን እንደነገራቸው፣ እንዴት እንደነገራቸው ዕድሜ ልክ ያስታውሱታል። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ለወላጆችም ለጤና ባለሙያዎችም ነው።

📌 ምንድን ነው?
አብዛኞቻችን በአንድ ሴል ውስጥ 46 ክሮሞዞም አለን። ዳውን ሲንድረም ላይ 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ስለሚሆን ድምሩ 47 ይመጣል። እርግማን ወይም የሰው ዓይን አያመጣውም፤ እናት በእርግዝናዋ የበላችው ነገርም አያመጣውም። አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ የሚወረስም አይደለም። ጥፋተኛ አትፈልጉ።

📌 ለባለሙያዎች
👉 እናት ብቻዋን እያለች በኮሪደር ላይ አትንገሯት። አባት ወይም የምታምነው ሰው አብሯት ይሁን። በሩን ዝጉ፣ ቁጭ በሉ።
👉 መጀመሪያ “እንኳን ደስ ያላችሁ” በሉ። ሕፃኑ ስም ከወጣለት በስሙ ጥሩት።
👉 “አይማርም፣ አይናገርም” ብላችሁ አትተንብዩ። የማታውቁትን “አጣርቼ እነግራችኋለሁ” ማለት ነውር የለውም።
👉 እናንተንም ይከብዳችኋል። ከባልደረባ ጋር ተነጋገሩበት።

📌 የማይዘገየው ምርመራ
ከእነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ችግር ይዘው ይወለዳሉ። ሕፃኑ ደህና ቢመስልም የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ያስፈልገዋል። የክሮሞዞም ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ! አንዳንዱ የልብ ቀዳዳ በጊዜ ካልተስተካከለ የሳንባ ደም ግፊት ያስከትላል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምናው ላይቻል ይችላል።

ለምሳሌ ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር የመጣች እናትን አስቡ። ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያ ደሴ፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ወዳለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ልትላክ ትችላለች። “አንድ ቀን አሳዪው” ብሎ መሸኘት አይበቃም። የት፣ መቼ፣ ለምን እንደምትሄድ ተጽፎ፣ ሪፈሩ በእጇ ይሁን።

📌 ለወላጆች
👉 ጡንቻው ልል ስለሆነ ጡት ሲጠባ ቶሎ ሊደክመው ይችላል፤ ታገሡት፣ እርዳታ ጠይቁ።
👉 የታይሮይድ፣ የመስማትና የማየት ምርመራ ይደረግለት። ክትባት አታስቀሩ።
👉 ልጁን ከጎረቤትና ከዘመድ አትደብቁት። ተመሳሳይ ልጅ ያላቸውን ወላጆች አግኙ። አዲስ አበባ ያለው ዲቦራ ፋውንዴሽን በዚሁ ጉዳይ ላይ ይሠራል።

ዓለም አቀፉ የዳውን ሲንድረም ቀን መጋቢት 12 ነው። ግን እስከዚያ አትቆዩ፤ ለምታውቋት አዋላጅ ነርስ ዛሬውኑ ሼር አድርጉላት።