ገብርኤልን በየመጻሕፍቱ

ከዚራን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ገታውና በደቻቱ ወንዝ ምዕራባዊ ዳር፣ ጣቢያውን ተንተርሶ፣ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተከፋፈለ ሰፈር ተቆረቆረ። ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ አለች። ከተማዋን ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ሕንዱም ኖሩባት፤ ከደጋ የወረደው አማራ፣ ከዙሪያው የመጣው ኦሮሞና ሶማሌ፣ ከሐረር የወረደው አደሬም አብረው ከተሙ። ሁሉም በቤቱ የሚነበብ ወይም የሚቀራ ነገር ነበረው። የዓለምን ታላላቅ ሃይማኖቶች በቅዱሳት መጻሕፍታቸው መተዋወቅ ለሚሻ ሰው እንዲህ ያለ ከተማ መልካም መነሻ ነው፤ ግን አንድ የተለመደ ግምት መንገዱን ያሰናክልበታል። ግምቱ «መጽሐፉን ከገለጥሁ ሃይማኖቱን አገኘሁት» የሚል ነው። መጽሐፉ ከነአነባበቡ ካልተያዘ ግን አማኙ የሚያምነውን አያሳይም። ማስረጃውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በድሬዳዋ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀውን አንድ ስም መከተል ይበቃል።

ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከተማዋ ወደ ቁልቢ ገብርኤል በሚወጣ ምዕመን ትሞላለች፤ ከስለት አግቢዎቹ መካከልም ሙስሊሞች አይጠፉም። የበዓሉ ታሪክ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ያለው ነው፦ ናቡከደነፆር ላቆመው ምስል አንሰግድም ያሉት ሠለስቱ ደቂቅ፣ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ወደ እሳት ተጣሉ፤ ንጉሡም በእቶኑ ውስጥ አራተኛ ሰው አየ። አንባቢው ምዕራፉን ከዳር እስከ ዳር ቢፈልግ ግን የገብርኤልን ስም አያገኝም። ዳንኤል ገብርኤልን የሚጠራው ኋላ፣ በምዕራፍ 8 እና 9፣ ራእይ ሲተረጎምለት ነው። አራተኛውን ገብርኤል ያሰኘው ትውፊት ነው፤ በእኛ ዘንድ ድርሳነ ገብርኤልና የበዓሉ ሥርዓት። ይህ የኢትዮጵያውያን ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው የአይሁድን ታልሙድ ቢያይ ይገረማል፤ በፋሲካ ክፍሉ ሦስቱን ያወጣቸው ገብርኤል እንደሆነ የሚናገር ትረካ አለ። ብዙ ክርስቲያን ተርጓሚዎች ደግሞ አራተኛውን ሥጋ ከመልበሱ በፊት የታየ ክርስቶስ ነው ይሉታል። ንባቡ አንድ ሆኖ ትርጓሜው ሁለት ነው፤ የቁልቢን በዓል ያቆመው ደግሞ አንደኛው ትርጓሜ ነው።

ወደ ቁርኣን ስንሻገርም ነገሩ ይደገማል። ጂብሪል በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱ በሱረቱ አል-በቀራ (97 እና 98)፣ አንዱ በሱረቱ አት-ተሕሪም (4)። ወሕዩን በነቢዩ ልብ ላይ ያወረደው እርሱ መሆኑም በአል-በቀራ ተጽፏል። ልጅ እንደምትወልድ ለመርየም ያበሰራት ግን በሱረቱ መርየም የተጠራው «መንፈስ» ተብሎ ነው፤ ጂብሪል ነው ያሉት ሙፈሲሮች ናቸው። ይህንኑ ብስራት የሚያወሳው ሉቃስ ግን በምዕራፍ 1 ገብርኤል ብሎ በግልጽ ይጠራዋል። መጀመሪያ ወረደች በምትባለው በሱረቱ አል-ዐለቅ መክፈቻም መልአክ አልተጠቀሰም፤ ጂብሪል በሒራ ዋሻ ወደ ነቢዩ የመጣበትን ታሪክ የምናውቀው ከሐዲስ ነው። እንግዲህ ተፍሲርንና ሐዲስን ትቶ ሙስሊሙን አውቃለሁ የሚል፣ አንድምታን ትቶ ኦርቶዶክሱን አውቃለሁ ከሚለው አይሻልም።

ከአነባበቡም በፊት «የትኛው መጽሐፍ?» የሚል ጥያቄ አለ። ድሬዳዋ ላይ ሦስት ክርስቲያኖች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ቢገናኙ የኦርቶዶክሱ 81፣ የካቶሊኩ 73፣ የፕሮቴስታንቱ 66 መጻሕፍት ይኖሩታል። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ ውስጥ የዘመሩት ረጅም ምስጋና በሁለቱ ዳንኤል ውስጥ አለ፤ በሦስተኛው የለም። ገብርኤልን ከታላላቅ መላእክት የሚቆጥረው መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪወስድ ድረስ የዚያ ሊቃውንት ጠፍቷል ብለው ነበር፤ በኋላ በቁምራን የተገኙት ቁርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋገጡ።

የሚቃወም አይጠፋም። አንደኛው «ያልተጻፈውን ለምን ትጨምራላችሁ? ጽሑፉ ራሱ ይበቃል» ይላል። ይህ የከበረ አቋም ነው፤ ብዙ ማሻሻያም አምጥቷል። ነገር ግን 66 ናቸው ብሎ የቆጠረው ማን ነው? ቁጥሩ በየትኛውም ምዕራፍ አልተጻፈም፤ እርሱም የተወረሰ ውሳኔ ነው። ሌላው «የድሬ ሰው በንግድና በጉርብትና ተፋቅሮ ኖረ እንጂ የጎረቤቱን ኪታብ አንብቦ አይደለም» ይላል። እውነት ነው፤ ፍቅር ንባብን አይጠብቅም። ዛሬ ግን ከመካከል የተቆረጠ አንቀጽ በየስልኩ እየዞረ «መጽሐፋቸው እንዲህ ይላል» ይባላል። ዙሪያውን ያላነበበ ሰው የሚመልሰው የለውም፤ ትርጓሜውን ያልጠየቀም በቁራጩ ይታለላል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን መቀበል ግድ ነው። በመጽሐፍ መንገድ የማይደረስባቸው እምነቶች አሉ። ዋቄፈና በቃልና በሥርዓት የኖረ ነው፤ የሂንዱዎቹ ቬዳም ከመጻፉ በፊት እጅግ ለረጅም ዘመን በቃል ጥናት ተላልፏል፤ የቡድሂስቶች ትምህርትም በፓሊ የተጻፈው ለብዙ ትውልድ በቃል ከቆየ በኋላ ነው። እነዚህን የሚሻ ከመደርደሪያ ይልቅ ከሚያውቁት ሰዎች ይጀምር። መጽሐፍ ያላቸውም ቢሆኑ ከዚህ ብዙ አይርቁም፤ ቁርኣን በሒፍዝ፣ ዳዊት በዜማ የሚኖሩ ናቸውና።

እና መጀመር የሚፈልግ አንባቢ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን በሰማንያ አሐዱም፣ 66ቱን ብቻ በያዘው እትምም ያንብብ፤ ቀጥሎ ሉቃስ ምዕራፍ 1ን፣ ከዚያም ሱረቱ መርየምን ያስከትል። አማርኛ የቁርኣን ትርጉም ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ፣ ቋንቋ ሰበብ አይሆንም። ያልገባውን ለመተርጎም ግን አይቸኩል፤ ደቻቱን ተሻግሮ የሚያውቀውን ይጠይቅ።