የጓሮ ባቡር፦ ጽጌረዳው ጥግ ለምን ይቆማል?

ባቡሩ የሚቆመው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነበር፤ ጽጌረዳው ጥግ። ከቤቱ ግድግዳ ሥር ተነሥቶ፣ ቲማቲሙን ዞሮ ወደ አጥሩ እስኪሄድ ደህና ነው። ጽጌረዳው ጋ ሲደርስ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል። በጣቴ ገፋ ሳደርገው አንድ ክንድ ያህል ተንፏቅቆ መልሶ ነፍስ ይዘራል። ዝናብ ባደረ ማግስትማ ጨርሶ አያልፍም። የጠረጠርኩት ሞተሩን ነበር። ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ ዘይት ጠብ አደረግሁለት፣ መልሼ ገጠምኩት። ምንም ለውጥ የለም።

የምኖረው ጀርመን፣ ኑረምበርግ አካባቢ ነው። ለጓሮ ባቡር ሥራ ከዚህ የተሻለ ሰፈር የሚገኝ አይመስለኝም። ሌማን የተባለው የመጫወቻ ፋብሪካ ዝናብና ፀሐይ የሚችለውን፣ ኤል ጂ ቢ የሚባለውን የጓሮ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው እዚሁ ኑረምበርግ ነው። ከዚያ በፊትም፣ በተለይ እንግሊዝ አገር፣ ጓሯቸው ውስጥ ባቡር የሚነዱ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኛው ሥራ ግን የብረት ሙያ የሚጠይቅ ነበር። ኤል ጂ ቢ ሲመጣ ማንም ሰው ካርቶን ከፍቶ፣ ሐዲድ ገጣጥሞ መጀመር ቻለ።

በሐዲዱ ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊሜትር ነው። ባቡሮቹ የሚሠሩት ደግሞ እውነተኛውን 22.5 ጊዜ በማሳነስ ነው። 45ን በ22.5 አባዙት፤ 1 ሜትር ከ1 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ይህ ሐዲድ የሚወክለው ባለ 1 ሜትሩን የባቡር መንገድ ነው ማለት ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የ784 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር! ይህን ሒሳብ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሳሰላው እጄን አፌ ላይ ነው የጫንኩት። ኑረምበርግ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ሐዲድ የለገሃር ሐዲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መንገድ ግን ስፋቱ 1435 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ የእሱን ባቡር በዚሁ በ45ቱ ሐዲድ ላይ ለማስኬድ የፈለገ ሰው 32 ጊዜ ማሳነስ አለበት።

የጽጌረዳውን ነገር የፈቱልኝ ድሬዳዋ ያደጉ፣ ታላቅ ወንድማቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሊጠጡ መጥተው ባቡሩ ሲቆም አዩ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ደክሞ መሰለኝ» አልኳቸው።

«ሞተሩን ምን በወጣው! እስቲ ጎንበስ በልና መንገዱን እየው» አሉኝ።

ጉንጬን መሬት አስነክቼ በአንድ ዓይኔ ሐዲዱን ተከትዬ አየሁ። ቆመው ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስለው ሐዲድ ጽጌረዳው ጋ እንደ በቅሎ ወገብ ሰርጉዷል። ውሃ ልክ አግድም ሳስቀምጥበት ደግሞ አረፋው ወደ አንድ ጎን ሸሸ፤ የጽጌረዳው በኩል ያለው ብረት ከሌላው ወርዷል። ይህ ስርጉድ ባቡሩን እንዴት እንደሚያቆመው ለመረዳት መጀመሪያ ባቡር በሐዲድ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህም የሚያስፈልገው ዕቃ ረከቦቱ ላይ አለ።

ሁለት ሲኒ አንሡ። አፍ ለአፍ ገጥማችሁ ዙሪያውን በፕላስተር እሰሩ፤ መካከሉ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን የሆነ ነገር ይሆናል። ሁለት የመጥረጊያ እንጨቶች ጎን ለጎን አስተኙና በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ አድርጓቸው። ሥሩ ጋቢ አንጥፉ፤ ሲኒ ነውና። አሁን የታሰሩትን ሲኒዎች በእንጨቶቹ ላይ ልቀቋቸው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ እየተወዛወዙ፣ ራሳቸውን እያቃኑ፣ ሳይወድቁ እስከ ታች ይወርዳሉ። ወደ ቀኝ ሲንሸራተቱ የቀኙ እንጨት የሚያገኘው ወፈር ያለውን፣ የግራው ቀጠን ያለውን ክፍል ነው። ወፍራሙ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ቀኙ ይቀድማል፤ ሲቀድም ወደ ግራ ያዞራቸዋል። አሁን ፍቷቸውና ቂጥ ለቂጥ እሰሯቸው። ጥቂት ሄደው ይወድቃሉ።

የባቡር ጎማ (ብረት ቢሆንም ጎማ እንበለው) የሚሠራው እንደ መጀመሪያዎቹ ሲኒዎች ነው፤ ወደ ውስጥ ወፈር፣ ወደ ውጭ ቀጠን ይላል። ግራና ቀኙ በአንድ ዘንግ ላይ ተቆላልፈው አብረው ስለሚዞሩ ባቡሩ መሪ ሳይኖረው ራሱን ያቃናል። በጎማው ውስጠኛ ጠርዝ ያለው ከንፈር የመጨረሻ ዘብ ነው። በጠባብ ኩርባ ላይ ግን ሾጣጣነቱ ብቻውን ስለማይበቃ ከንፈሩ ሐዲዱን እየፋቀ ይዞራል፤ ጭጭጭ የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ኤል ጂ ቢ በካርቶኑ የሚሰጠው ትንሹ ኩርባ ከመሐሉ እስከ ሐዲዱ 60 ሴንቲሜትር ነው። ይህ በእውነተኛ ባቡር ቢሆን 13.5 ሜትር መሆኑ ነው። በጠባብ ኩርባው የታወቀው የስዊዘርላንዱ የቤርኒና መንገድ እንኳ ከ45 ሜትር በታች አይወርድም። ስለዚህ ቦታ ያለው ሰው ኩርባውን ያስፋ፤ 1 ሜትር ከ20፣ ከቻለም 2 ሜትር። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሲያወጡ መቆጠብ የሌለበት ቦታ እዚህ ነው እላለሁ። ባቡሩ በኋላም ሊቀየር ይችላል፤ ኩርባ መቀየር ግን ጓሮውን እንደገና መቆፈር ነው።

ወደ ስርጉዱ እንመለስ። ባለ አራት እግር ወንበር ወለሉ ከተዛባ አንድ እግሩ ይንጠለጠላል፤ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ግን የትም ይደላደላል። የእኔ ትንሽ ባቡር ወንበር እንጂ በርጩማ አይደለም፤ ሐዲዱ በአንድ ጎን ሲወርድበት አንዱ ጎማ አየር ላይ ይቀራል። የተንጠለጠለ ጎማ ደግሞ መብራት አያገኝም። መብራቱ የሚመጣው በሐዲዱ ነውና፤ በአንዱ ብረት ገብቶ፣ በጎማው ወጥቶ፣ ሞተሩን አዙሮ፣ በሌላው ብረት ይመለሳል። አቅጣጫውን ስትገለብጡት ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ግን የተንጠለጠለ ጎማ መብራቱ ብልጭ ድርግም እንዲል ያደርጋል እንጂ ቀስ ብሎ እንዲደበዝዝ አያደርግም። ለመደብዘዙ ሌላ ምክንያት ነበረው። ሐዲዱ ከ30 ሴንቲሜትር ቁራጮች የተገጣጠመ ነው። የእኔ ዙር 30 ሜትር ስለሆነ ከትራንስፎርመሩ እስከ ጽጌረዳው፣ እስከ ሩቁ ጫፍ፣ 15 ሜትር ነው፤ መብራቱ በአንዱ ብረት 50 መጋጠሚያ ተሻግሮ ሄዶ፣ በሌላው 50 ተሻግሮ ይመለሳል። ብረቱ ናስ ነው። ናስ እንደ ብረት አይዛግ እንጂ እርጥበት ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ያ ጥቁር ሽፋን መብራት በደንብ አያሳልፍም። ሐዲዱ ሲሰረጉድ መጋጠሚያው ላላ፤ የላላው ውስጥ ውሃ ገባ፤ ውሃ የገባበት ጠቆረ።

ይህን በቴስተር ስፈልግ መጀመሪያ ተታልዬ ነበር። ባቡሩን አንሥቼ ስለካ ትራንስፎርመሩ ጋ 18 ቮልት፣ ጽጌረዳውም ጋ 18 ቮልት። ደህና ነው ልል ነው። ነገር ግን በሐዲዱ ውስጥ የሚሄድ ነገር ሳይኖር የሚጠፋ ቮልት የለም፤ ቧንቧው ሲዘጋ የውሃው ግፊት እስከ ጫፍ እኩል እንደሚሆን ማለት ነው። ልጄ ባቡሩን እየነዳች ስለካ ጽጌረዳው ጋ 10 ቮልት ብቻ ደረሰ። ከዚያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ እያደረግሁ ሄድኩ። ጤነኛ መጋጠሚያ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው የሚያሳየው። ጽጌረዳው ሥር ያለው አንዱ ብቻውን 3 ቮልት በላ።

ጥገናው ሁለት መልክ አለው። ለመብራቱ፦ መጋጠሚያውን ፈትቶ ጫፎቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ማሸት፣ መብራት የሚያሳልፍ ቅባት መቀባት፣ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ማሰር። ከትራንስፎርመሩም ወፍራም ሽቦ በሐዲዱ ጎን ቀብሮ በየጥቂት ሜትሩ ከብረቱ ጋር ማገናኘት፤ ያን ጊዜ መብራቱ 50 መጋጠሚያ መለማመጥ አይኖርበትም። ትራንስፎርመሩ ራሱ ቤት ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ወደ ጓሮ የሚወጣው ዝቅተኛው ቮልት ብቻ ነው፤ የግድግዳው 230 ቮልት ለምንም ተብሎ ወደ እርጥብ ሣር አይወጣም። ባትሪ ባቡሩ ውስጥ ጭነው በሬዲዮ የሚነዱም አሉ። ሐዲድ ከማሸት ይድናሉ፤ ከስርጉዱ ግን አይድኑም።

ዋናው ሥራ ያለው መሬቱ ላይ ነውና። ሐዲዱን አፈር ላይ ነበር ያስተኛሁት። ጽጌረዳው በየቀኑ ውሃ ይጠጣል፤ ሥሩ ያለው አፈር ረጠበ፣ ረጥቦ ወረደ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ይበርዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋልና አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ሲቀልጥ መልሶ ይለቀዋል።

ታዲያ ሲሚንቶ ለምን አይሞላም? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህን ነው። ኮንክሪት ላይ የሚሠሩ አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሐዲዱ እንዲንሸራተት ይተዉታል እንጂ ቸንክረው አያስቀሩትም። ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሐዲዱ እንዳይነቃነቅ ብዬ በየማዕዘኑ ጣውላ ላይ በብሎን አሰርኩት። ሐምሌ ላይ አንድ ቀትር ስወጣ ቀጥ ያለው ክፍል እንደ እባብ ተጥመልምሎ፣ ሁለት ብሎን ነቅሎ አገኘሁት። 10 ሜትር ናስ ከክረምት ብርድ እስከ በጋ ፀሐይ 50 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 9.5 ሚሊሜትር ይረዝማል። ያ ርዝማኔ የሚሄድበት ቦታ ካጣ ወደ ጎን ይወጣል። የድሮው ባቡር ጠክ ጠክ የሚለው በብረቶቹ ጫፍ መካከል ለዚሁ መላወሻ በተተወው ክፍተት ላይ ጎማው ሲያልፍ ነው።

የሚያዋጣው ድንጋይ ነው። ጽጌረዳው ጋ 4 ሜትር ያህል ሐዲድ አነሣሁ። 15 ሴንቲሜትር ቆፈርኩ፤ ውሃ የሚያሳልፍ ሥር የማያሳልፍ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ የተፈጨ ጠጠር ሞልቼ ደበደብኩ። ሐዲዱን አስተኝቼ፣ በውሃ ልክ ቁመቱንም አግድሙንም እያየሁ፣ በእኛ አገር ግንበኞች ዜሮ ዜሮ የሚሉትን ዓይነት ደቃቅ ጠጠር በአግዳሚዎቹ መካከል አፈሰስኩ። በቀለም ብሩሽ እየጠረግሁ ከአግዳሚዎቹ ሥር አስገባሁት፤ በመጨረሻ ውሃ አርከፈከፍኩበት። ከወንዝ የመጣ ድቡልቡል ጠጠር ለዚህ አይሆንም፤ እየተንከባለለ ይሸሻል። የተፈጨው ግን ማዕዘን ለማዕዘን ተያይዞ ይቆማል፣ ውሃውን ወደ ታች ያሳልፋል፣ ሐዲዱ ሲረዝምም ጥቂት ይለቅለታል። በለገሃር መንገድ ሥር የፈሰሰው ጠጠር ሥራም ይኸው ነበር።

ዳገት ካላችሁ በ1 ሜትር ከ3 ሴንቲሜትር አታስበልጡ። በእንዲህ ዓይነቱ ዳገት ላይ 10 ኪሎ የሚመዝን ባቡር 300 ግራም ተጨማሪ ጉተታ ይጠይቃል፤ ለትንሽ ሞተር ብዙ ነው።

ጓሮው ራሱ ሥራ አለው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ቅጠሉ ትልቅ የሆነ ተክል ባቡሩን መጫወቻ ያስመስለዋል፤ ደቃቅ ቅጠል ያለው ግን ባቡሩን ያገዝፈዋል። መሬት ለመሬት የሚሄደው ጦስኝ ሜዳ ይሆናል። የጥብስ ቅጠል ታችኛው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ግንዱ ሲገለጥ በዕድሜ የገፋ ጽድ ይመስላል፤ ውርጩ እንዳይገድለው በቆርቆሮ ተክዬ ክረምት ቤት አስገባዋለሁ። ባቡሩ ጦስኙን ታክኮ ሲያልፍ ሽታው እስከ በረንዳው ይመጣል።

ከመንዳት በፊት ያለው የዘወትር ሥራ ሩብ ሰዓት ነው፦ ቅጠል መጥረግ፣ ቀንድ አውጣ ማንሣት (ቀንድ አውጣ የሄደበት ልጋግ ጎማ ያንሸራትታል)፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በታሰረ ሻካራ ጨርቅ የብረቱን አናት ማሸት። በወር አንዴ የፉርጎዎቹን ዘንግ ጫፎች በዘይት መንካት። ኅዳር ሲገባ ባቡሩና ፉርጎዎቹ ቤት ይገባሉ፤ ሐዲዱ በረዶ ሥር ያድራል።

መጋቢት ላይ ውሃ ልኬን ይዤ ዙሩን በጉልበቴ እዞራለሁ። በወረደበት ቦታ ሐዲዱን በእጄ ከፍ አድርጌ ይዤ ጠጠር በብሩሽ እያስገባሁ እሞላለሁ። ዘንድሮ ሦስት ቦታ ወርዶ ነበር፤ ሁለቱ ቲማቲሙ ጋ፣ አንዱ አጥሩ ሥር፣ ሦስቱም ገና አፈር ላይ ያለው ክፍል ናቸው። ጽጌረዳው ጥግ አረፋው መሐል ላይ ቆመ።