ማታ ፍየሉን የሚቆጥር ሲጠፋ

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት በመጣው «የዝንቦቹ ጌታ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ፣ በጦርነት ዘመን እንግሊዛውያን ልጆችን የጫነ አውሮፕላን ተመትቶ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ይወድቃል። አንድም አዋቂ አልተረፈም። ራልፍ የሚባለው ልጅ ትልቅ የባሕር ዛጎል አግኝቶ ይነፋል፤ የተበታተኑት ይሰበሰቡና እጅ አውጥተው አለቃቸው ያደርጉታል። የመዘምራኑ መሪ ጃክ በምርጫው ይሸነፋል። ዛጎሉን የያዘ ብቻ ይናገር የሚል ሕግም ይወጣል። መጽሐፉ ሳያልቅ ግን ዛጎሉ ተሰብሯል፣ ልጆች ሞተዋል፣ ራልፍም እንደ አውሬ እየታደነ ነው።

ደራሲው ዊሊያም ጎልዲንግ መጽሐፉን በ1954 (እ.ኤ.አ.) ሲያሳትም የወንዶች ትምህርት ቤት መምህር ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በባሕር ኃይል አገልግሏል። ልጅንም ጦርነትንም ያውቃል። ራልፍ ለምን ተሸነፈ ሲባል ብዙዎች የሚሰጡት መልስ «የሰው ልጅ በውስጡ ክፋት ስላለበት» የሚል ነው። ሰቆጣ አካባቢ ፍየል እየጠበቅሁ ላደግሁት ለእኔ ይህ መልስ አይበቃኝም።

በዋግ ልጆች ያለ አዋቂ መዋላቸው ብርቅ አይደለም። የሦስት የአራት ቤት ፍየል አንድ ላይ ነድተን ስንወርድ ትልቃችን አሥራ ሦስት፣ ትንሻችን ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አለቃ ነበረን። ዋግሹምነት በዘር ይወረስ ነበር፤ የእረኛ አለቃነት ግን በዕድሜ፣ በጉልበትና ትንሽም በብልጠት የሚገኝ ነው። ማን ፍየል ይመልስ፣ ማን ውኃ ይቅዳ፣ የማን ቆሎ ቀድሞ ይበላ፣ የሚወስነው እሱ ነው።

እረኝነትን በናፍቆት የሚያወሳ ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር ደጎች አልነበርንም። ትንንሾቹ ቀኑን ሙሉ «መልስ!» እየተባሉ ይሮጣሉ። አለቃው ሲሰለቸው ሁለት የአፈር ቁልል ይሠራና «ይሄ የእናትህ ጡት፣ ያኛው የእናቱ» ይላል። አንዱ የሌላውን ቁልል ከረገጠ አለቀ፤ ምንም ጠብ ያልነበራቸው ልጆች ይፈነካከታሉ፣ እሱ ይስቃል። ጃክን መጽሐፉን ከማንበቤ በፊት አውቀዋለሁ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ማታ ነው። ፍየሉ ሲገባ ባለቤቱ በረቱ በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል። አንድ ከጎደለ መጀመሪያ የሚጠየቀው አለቃው ነው፤ አለንጋውም መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ ቀን ምንም ቢጨክን የደከመውን ሕፃን ብቻውን ወደ ገደሉ አይልከውም፤ ሕፃኑ እንቅልፍ ከጣለው ፍየል ይጠፋላ! ርኅራኄው ከልቡ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ቆጠራውን ግን ይፈራ ነበር።

በደሴቱ ላይ ያሉት የዱር አሳማዎች ባለቤት የላቸውም። ራልፍ «መርከብ እንዲያየን ጭሱ እንዳይቋረጥ» ይላል፤ ጭስ ደግሞ ዛሬ ሆድ አይሞላም። አንድ ቀን መርከብ ሲያልፍ እሳቱ ጠፍቶ ነበር፤ ጠባቂዎቹን ጃክ ለአደን ወስዷቸዋል። ጃክ ግን አሳማ ገድሎ ተመለሰ። መቆጣት የነበረባቸው ልጆች ሥጋውን ተሻሙ፤ ራልፍ ራሱ በላ። ለእኔ ሥልጣኑ ከእጁ የወጣው ያን ጊዜ ነው እንጂ በኋላ ጃክ የራሱን ቡድን ሲያቋቁም አይደለም።

ፍርሃቱም እንዲሁ ነው። እኛ የምንፈራው ጅብ ነበር፤ ሰዓቱም መንገዱም ይታወቃል፣ በጊዜ ወደ ቤት እንድንገባ ያደርገናል። እነሱ የሚፈሩትን አውሬ ማንም በውል አላየውም። ጃክ የአሳማ ጭንቅላት በእንጨት ሰክቶ ለአውሬው ግብር ይተውለታል። አውሬው ከጠፋ እኮ አዳኙን አለቃ ማን ይፈልገዋል? በመጨረሻ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ሲደርስ ያ ሁሉ አዳኝ ልጅ ማልቀስ ይጀምራል። ቆጣሪው መጣ።

በ1965 (እ.ኤ.አ.) ስድስት የቶንጋ ተማሪዎች በጀልባ ጠፍተው አታ በተባለች ደሴት ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ኖረዋል። እሳታቸውን አላጠፉም፣ ሥራ በተራ ይሠሩ ነበር፣ የተጣሉ ልጆች እስኪበርድላቸው ይለያዩ ነበር። ይህን ታሪክ ጎልዲንግን ለማስተባበል የሚጠቅሱት አሉ። እኔ ብዙም አልተቀበልኩትም፤ ስድስቱ ቀድሞም ጓደኛሞች ናቸው፣ የሚታዘዝ ሕፃንም በመካከላቸው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ያስነሳኝ ሰቆጣ ነው። በጦርነቱ ከአበርገሌና ከሌሎች ወረዳዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በከተማዋ ተጠልለው አይቻለሁ። ብዙዎቹ ፍየላቸውን አጥተዋል። ሜዳ ይውል የነበረ ልጅ በድንኳን መሃል ይውላል። አባት የቀን ሥራ ፍለጋ፣ እናት እህል ሰልፍ ላይ ናቸው። አንዲት እናት ከረሃቡ ባልተናነሰ የምትፈራው የልጆቹን ቡድን እንደሆነ ነገረችኝ፤ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ለምን እንደሚልኳቸው አታውቅም፣ ማታ የሚጠይቃቸውም የለም።

ቦኖው አጠገብ ግን አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ የጀሪካኑን ሰልፍ ይዛ አገኘሁ። ጉልበተኛ ወንዶችን ወደ ኋላ ትመልሳለች፣ ለሕፃናቱ ውኃውን ታሸክማለች። ማን እንደሾማት ጠየቅኋት። ማንም አልሾመኝም አለች፤ ጀሪካን እየጠፋ ሲያስቸግር ጠዋትና ማታ መቁጠር ጀምራ ነው። ያን ዕለት ሠላሳ አራት ነበር፣ አንዱ ክዳን የለውም።